«ራሱን ሳተ» ስለሚለው አነጋገርና ስለ ንጉሥ ላሊበላ ሦስት ቀኖች

ሰው በድንገት ወድቆ ዐይኑ ሳያይ፣ ጆሮው ሳይሰማ ሲቀር በዐማርኛ «ራሱን ሳተ» እንላለን። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ስለ ሆነ ትርጒሙን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ወደዚህ ጥያቄ የመጣነው በቋንቋ ጥናት በኩል ሳይሆን በላስታ ታሪክ በኩል ነው። ገድለ ላሊበላ ንጉሡ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ በድን ተጋድሞ እንደ ቆየ ይተርካል። ይህን ታሪክ በዛሬ ዐማርኛ መልሰን ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ የትኛውን ግሥ መምረጥ እንደሚገባን ቸገረን። «ራሱን ስቶ ነበር» ብንል አንድ ታሪክ ይሆናል፤ «ተመሥጦ ነበር» ብንል ሌላ ታሪክ ነው፤ «ሞቶ ነበር» ብንል ደግሞ ሦስተኛ። የተጋደመው ሰውነት ግን አንድ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በቋንቋችን የወደቀን ሰው የምንገልጽበት ግሥ ሁኔታውን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ያደረገው ማን እንደ ሆነና ቀጥሎ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ጭምር ይፈርዳል። ፍርዱም አንዳንድ ጊዜ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ሳተ» ከግእዙ «ስሕተ» ጋራ አንድ ነው፤ ዐማርኛ የጕሮሮውን ፊደል በግሡ ላይ ጥሎ «ስሕተት» በሚለው ስም ላይ ጠብቆታል። ተኳሽ ዒላማ ይስታል፤ መንገደኛ መንገድ ይስታል። በሁለቱም አነጋገር የተሳተው ነገር አልጠፋም። ዒላማው በቦታው ቆሟል፣ መንገዱም እንደ ተዘረጋ ነው፤ የቀረው መገናኘት ብቻ ነው። «ራስ» ደግሞ የግእዙ «ርእስ» ሆኖ ሁለት ትርጒም ይዟል፤ አንደኛው ከአንገት በላይ ያለው አካል ነው፣ ሁለተኛው የሰውዬው ማንነት ነው። «ራሱን አመመው» ስንል የመጀመሪያውን፣ «ራሱን ቻለ» ስንል ሁለተኛውን እናስባለን። «ራሱን ሳተ» በሚለው ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀዋል፤ ለመለየት መሞከሩም ብዙ የሚጠቅም አይመስለንም። ዋናው ነገር፣ ራሱን የሳተ ሰው ራሱ ጠፍቶበታል አይባልም፤ መድረስ አቃተው እንጂ። ስለዚህም ሲነቃ «ወደ ራሱ ተመለሰ» እንላለን፤ መመለስ የሚቻለው ወዳለ ነገር ነውና። «ራሱን አጠፋ» የሚለው ከዚህ ምን ያህል የራቀና የከበደ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ግሥ ልዩነት ብቻ ነው።

መንገድ መሳትና ራስን መሳት ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ከመጻሕፍቶቻችን መካከል ተረፈ ባሮክ ደኅና አድርጎ ያሳያል። ነቢዩ ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ይላል፤ እንቅልፍም ይወስደዋል፤ የተኛውም 66 ዓመት ነው። ሲነቃ በለሱ እንደ ትኩስ ነው፣ ራሱ ግን ከብዶታል፤ እንቅልፌን አልጠገብሁም ብሎ ያስባል። ወደ ኢየሩሳሌም ቢገባ ከተማዪቱን አያውቃትም፤ ቤቱንም ሰዎቹንም ያጣል። በዚህ ጊዜ የሚጠረጥረው ዘመኑን አይደለም፤ በተራራው መንገድ ስለ መጣሁ መንገድ ስቼ ይሆናል ይላል እንጂ። ከከተማው ወጥቶ ምልክቱን አይቶ ይመለሳል፣ ያው ከተማ ሆኖ ያገኘዋል፣ ዳግመኛም ይደነግራል። ራሱን የሳተ ሰው በነቃ ጊዜ መጀመሪያ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁላችንም አይተናል። «ስንት ሰዓት ሆነ?» የሚለው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ከ«ራስ» ጋራ የሚወዳደረው ቃል «ነፍስ» ነው። «ነፍሱን አያውቅም» የሚለው አነጋገር ለታመመና ለወደቀ ብቻ ሳይሆን ለሰከረ፣ ትኵሳት ላነደደው፣ በሥራ ብዛት ለተወጠረ፣ ፍቅር ለያዘውም ይነገራል። ቃሉን በደንብ ለመረዳት ተቃራኒውን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲናገር «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» ይላል፤ ሕፃንም «ገና ነፍስ ያላወቀ» ይባላል። እንግዲህ ነፍስ ማወቅ ሰው በዕድሜው የሚደርስበት ማዕርግ ነው፤ ነፍሱን የማያውቅ በሽተኛም ለጊዜው ከዚያ ማዕርግ ወርዶ ከሕፃን ጋራ ተስተካክሏል ማለት ነው። ይህ ነገር በፍርድ ቤት አጠገብ ዋጋ አለው። አባት በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ መሬቱን ለአንደኛው ልጅ ቢናዘዝ፣ ሌላው ልጅ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ነፍሱን እያወቀ ነው ወይ የተናዘዘው?» የሚል ነው። በአልጋው ዙሪያ የነበሩት ሰዎችም የሚመሰክሩት ስለዚህ ነው፤ ሰው ለይቶ በስሙ ጠርቶ ነበርን? የሚጠይቁትን እየሰማ ይመልስ ነበርን? የንስሓ አባቱን ዐውቋቸው ነበርን?

ወደ ራሱ የተመለሰ ሰው ደግሞ «ነፍስ ዘራ» ይባላል። ይህ የገበሬ ቃል ነው። በደረቅ መሬት ላይ ዘር ተበትኖ ቡቃያው ብቅ ሲል እንደሚታየው፣ የነጣ ፊት ቀስ በቀስ ደም ሲመስል ያየ ሰው የፈጠረው አነጋገር መሆኑን ለመገመት አያዳግትም። ስለ «ልብ»ም ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ በግእዝ መጻሕፍት የማሰቢያው መኖሪያ ልብ ስለ ሆነ «ልቡ ጠፋ» ማለት ማሰቡ ጠፋ ማለት ነው፣ የጠፋው ልጅም የተመለሰው መጀመሪያ ወደ ልቡ ነው። በሰፊው ለማየት የሚፈልግ ሰው በ1951 ዓ.ም. የታተመውን የከሣቴ ብርሃን ተሰማን እና በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

እስካሁን ባየናቸው አነጋገሮች ሁሉ የግሡ ባለቤት የወደቀው ሰው ራሱ ነው፤ ሳተ፣ አያውቅም፣ ዘራ። ሁለተኛው ክፍል የዚህ ተቃራኒ ነው። «ጣለው»፣ «ያዘው»፣ «ሰፈረበት»፤ በእነዚህ ውስጥ ሰውዬው ተደራጊ ነው፣ አድራጊውም ሌላ ነው። የሚያንቀጠቅጠውን ደዌ «የሚጥል በሽታ» ስንለው ጣዩ ማን እንደ ሆነ በስሙ አንጠራም፤ ሰሚው ግን ያውቃል። ግሡ እንዲህ ሲሆን የሰዎቹም ሥራ ይለወጣል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ይረጭለታል፣ ስሙ ይጠራል፤ ለተጣለ ሰው ግን ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት ነው፤ ብዙዎችም ይተላለፋል ብለው በመፍራት አይነኩትም። ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሚያውቅ የተቃጠለ እጅ ወይም ፊት ያየ ሰው ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በምድጃ አጠገብ ሲወድቅ ጎትቶ የሚያወጣው ጠፍቶ ጠባሳ የቀረባቸው በየአገሩ አሉ። ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ የገጠር ሕዝብ ስለዚህ በሽታ ያለውን አስተሳሰብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ከክፉ መንፈስ ይመጣል፣ በመንካትም ይጋባል የሚለው እምነት የተስፋፋ ሆኖ አግኝተውታል። ስለ ዛርም ፈረንሳዊው ሚሸል ሌሪስ በጎንደር ያየውን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ በዚያ ቋንቋ ዛር የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ነው፤ ፈረስ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ጋላቢው ነው።

ሦስተኛው ክፍል ወደ ላስታ ይመልሰናል። ይኸውም «ተመሠጠ» የሚለው ነው። «መሠጠ» በግእዝ ነጠቀ ማለት ነው፤ በግ የሚነጥቀው አውሬ «መሣጢ ተኵላ» ይባላል። ቃሉ ከተኵላ ጥርስ ተነሥቶ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ድረስ መሄዱ ያስደንቃል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገነት መነጠቁን ስንናገር ያው ሐሳብ ነውና። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም አልተሰማቸውም ተብሎ የሚተረከው የዚህ ዐይነት መሠጥ ምሳሌ ነው፤ ሰውነት ቆሞ እየዘመረ ሕመም የማይሰማበት ሁኔታ። ዛሬ አንድ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ «ተመስጦ ነው» እንላለን። ተኵላውም ሰማዩም ተረስተው ቃሉ ለፈተና ሰሞን አገልጋይ ሆኗል።

በላሊበላ ገድል የሚነገረው በአጭሩ ይህ ነው። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ ከብቦት እናቱ ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁ አለች። በዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ይህን ትንቢት ፈራ። እኅቱም በመጠጥ መርዝ ጨምራ ሰጠችው፤ አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፣ ላሊበላም ስለ እኔ ከሞተው አልለይም ብሎ ጠጣ። ከዚህ በኋላ መላእክት ወደ ሰማያት አወጡት፤ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍለው የሚሠሩትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት፤ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ወደ ሰውነቱ ተመለሰ። ሮሐ ዛሬ በስሙ የምትጠራው ይህን ያየውን በድንጋይ ላይ ስላወጣ ነው ይባላል።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። ንጉሡ በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ፣ በዘመኑ በተጻፉ ሰነዶች የሚታወቅ ሰው ነው፤ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ለሚገኘው ለሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1225 የሰጠው መሬት ተመዝግቦ ይገኛል። ገድሉ ግን ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከእርሱ ዘመን 200 ዓመት ያህል ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ፔሩሾን በፓሪስ ካሳተመው ወዲህ የውጭ ሊቃውንትም በሰፊው ያውቁታል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ በእነዚያ ሦስት ቀኖች በንጉሡ ሰውነት ውስጥ ምን ሆነ የሚል አይደለም፤ ያን ለመመርመር መንገድ የለንም። የምንጠይቀው፣ የገድሉ ጸሓፊ የተጋደመውን ሰው «ተነጠቀ» ማለቱ ለምን አስፈለገው የሚል ነው።

መልሱን ለመፈለግ ከላሊበላ ወደ ምሥራቅ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በታች ወደሚገኘው ወደ ገነተ ማርያም መሄድ ይጠቅማል። ገነተ ማርያምም ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ፣ ዙሪያውን በዐምዶች የተከበበ፣ የሮሐውን ቤተ መድኃኔ ዓለም የሚያስታውስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በውስጡ ግን የንጉሥ ይኵኖ አምላክ ሥዕል አለ፤ በአጠገቡም ስሙን የሚጠራ ጽሑፍ አለ። ይኵኖ አምላክ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሠ፣ የዛጔን መንግሥት ያሳለፈው ሰው ነው። እንግዲህ በገነተ ማርያም ራእይ አላስፈለገም። ንጉሡ በግድግዳው ላይ ዐይኑን ገልጦ ቆሟል፣ ጽሑፉም የማን ዘመን ሥራ እንደ ሆነ ይናገራል። ሥርወ መንግሥቱ የእርሱ ነው፤ ታሪኩንም የጻፉት የእርሱ ልጆች ጸሓፊዎች ናቸው።

የላሊበላ ነገር ሌላ ነው። በ14ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ዛጔዎችን ከእስራኤል ዘር ያልሆኑ አድርጎ ያያቸዋል። የተወቀሰ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ፣ ሥራው ግን ማንም ሊክደው የማይችል! ለዚህ ሰው የሚጽፍ ገድለኛ በዘር ሊከራከርለት አልቻለም። በሦስቱ ቀኖች ግን ቻለ። ንጉሡ በመርዝ ራሱን ሳተ ቢባል የቤተ መንግሥት ሤራ ወሬ ብቻ ይሆን ነበር፤ ተመሠጠ ሲባል ግን የሮሐ አብያተ ክርስቲያናት ንድፍ ከዛጔም ከሰሎሞንም ቤት በላይ ከሆነ ስፍራ ወረደ። በእኛ አስተያየት የገድሉ ትልቁ ሥራ በዚህ አንድ ግሥ ላይ ነው። ይህን ስንል የምእመናንን እምነት ለመንካት አይደለም፤ ገድል የተጻፈበትን ዘመን ጥያቄ እንደሚመልስ ለማሳየት ብቻ ነው።

በሦስቱ ቀኖች ቍጥር ላይም አንድ ነገር እንጨምር። ትርጓሜውን የሚያውቁ ሊቃውንት ዮናስንና የጌታን ትንሣኤ ያነሣሉ፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ለአገራችን ሰው ሦስተኛው ቀን ሌላም ስም አለው፤ ሠልስት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሟቹን የሚያስብበት፣ መሞቱም ዳግመኛ የሚረጋገጥበት ቀን ነው። ገድሉን በዐውደ ምሕረት የሰማ የላስታ ገበሬ ንጉሡ በሠልስቱ ቀን መነሣቱን ሳያስተውል የሚቀር አይመስለንም። በእኛ ልማድ ሬሳ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ተገንዞ ሳለ ነቃ የሚባል ወሬም በየቦታው የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስት ቀን ሳይቀበር የቆየ ሰው ጠባቂ የነበረው ሰው ነው።

ዛሬ በከተማ ያለው አነጋገር ተለውጧል። «ኮማ ውስጥ ገባ» ይባላል፤ ሐኪሞችም «ንቃተ ኅሊና» የሚለውን ይጠቀማሉ። «ንቃት» ራሱ በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ከሆስፒታል ይልቅ በአደባባይ የሚነገር ቃል ነበር፤ «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» ሲባል የተኛው ሰው ብዙኃኑ ነበር። በሕክምናው በኩል እ.ኤ.አ. በ1974 ቲዝዴልና ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በግላስጎ ከተማ ያወጡት መለኪያ ከ3 እስከ 15 በሚደርስ ቍጥር የበሽተኛውን ንቃት ይመድባል። የሚመረምረውም ዐይኑን ይገልጣልን፣ ይናገራልን፣ ይንቀሳቀሳልን የሚለውን ነው፤ በኑዛዜ ላይ የሚቆሙት ምስክሮች ከሚጠየቁት ብዙም አይርቅም። ተራው ራስን መሳት ግን፣ ለምሳሌ በልደት በዓል ዋዜማ ከ40 ቀን በላይ ጾሞ በእግሩ ወደ ላሊበላ የመጣ ምእመን በሕዝብ ተጨናንቆ ሲወድቅ የሚሆነው፣ ደም ወደ አንጎል መድረሱ ለጥቂት ጊዜ ስለሚያንስ ነው። በጀርባው ቢያጋድሙትና እግሩን ከፍ ቢያደርጉለት ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይነቃል። ለማክበር ብለው ደግፈው የሚያቆሙት ግን መንቃቱን ያዘገዩበታል። አንዲት ልቅሶኛም «ተዝለፍልፋ» ስትወድቅ እንደዚሁ ነው፤ ይህ ቃል ጨዋ ቃል ነው፤ መገጣጠሚያዋ ሲላላ ያየውን ብቻ ይናገራል እንጂ ማንንም አይከስም።

የቀረን አንድ ቃል አለ፤ ለላስታ ታሪክ ከመሠጥ የማያንስ። «ጠኔ» ነው። ጠኔ ረኃብ ብቻ አይደለም። ረኃብ አገር ይገባል፣ ዓመት ይቆያል፤ ጠኔ ግን አንድን ሰው ነው የሚጥል፤ ከረኃብ የተነሣ ዐይኑ ጨልሞ ጕልበቱ ከድቶት የሚወድቅበት ነው። «ጠኔ ጣለው» ስንል ግሡ «የሚጥል በሽታ» ላይ ያየነው «ጣለ» ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የጣዩ ስም ተጠርቷል። በዐማርኛ ካሉት የመውደቅ ቃላት መካከል ምክንያቱን በውስጡ የያዘ እንደ እርሱ ያለ አላገኘንም። «ራሱን ስቶ ወደቀ» ብሎ የሚዘግብ ሹም ስለ አንድ ሰው ድካም ተናገረ፤ «ጠኔ ጣለው» ብሎ የሚዘግብ ግን ጎተራው ለምን ባዶ ሆነ የሚለውን ጥያቄ አብሮ ላከ።

በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ረኃብ ገብቶ ነበር፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ረኃብ በጻፉት መጽሐፍ መርምረውታል። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ወሎ በሙሉ ተመታ። የዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ዝምታ በሰፊው ይታወቃል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ገደማ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ፣ ተማሪው በመንገድ ዳር የተጋደሙትን ሰዎች አየ። በመስከረምና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. መካከል የዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በ1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ በዓለም ፊት የቀረበው እንዲሁ ነው። በሦስቱም ጊዜ ሰው ይወድቅ የነበረው ከራሱ ስቶ ወይም ተመሥጦ አልነበረም።

ጠኔ ለጣለው ሰው የሚደረገውም የተለየ ነው። ክብሪት አይጫርለትም፣ እስኪመለስ ሦስት ቀን አይጠበቅለትም። እንዳገኙ እንጀራ ቢያጐርሱትም ያን ያህል የተጐዳ አካል ሳይችለው ሊሞት ይችላል፤ ይህን በረኃብ መጠለያዎች የሠሩ ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። የሚሰጠው ቀጭን ነገር ነው፤ አጥሚት ወይም የቀጠነ ወተት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ራሱን ቀና አድርገው ደግፈው፣ እየቆዩ፣ በሌሊትም ጭምር።